ነፋሱ የደከመ ኤር ኮንዲሽነር ሁሉ ጋዝ አልጨረሰም

በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ የቀን ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲወጣ የኤር ኮንዲሽነር ጥገና ባለሙያዎች ይፈለጋሉ። ከደንበኞች የሚቀርብላቸው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ማሽኑ ይሠራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ የሚወጣው ነፋስ ግን ደክሟል። መልሱም የተለመደ ነው፤ ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ ይባላል። ባለቤቱ ይከፍላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነፋሱ ተመልሶ ሲደክም እንደገና ይከፍላል።

ይህ ልማድ የፔንሲዮን ባለቤቱን፣ ነጋዴውንና ቤት አከራዩን ላላስፈለገ ወጪ ይዳርጋል። የነፋስ መድከምና የጋዝ መጉደል ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸውና። ዋጋቸውም የተራራቀ ነው። አንዱ በውኃና በሳሙና ሊስተካከል ይችላል፤ ሌላው በኪሎ የሚገዛ ጋዝ፣ የብየዳ ሥራና የባለሙያ ቀን ይጠይቃል።

ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም

በኤር ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዙሪያው በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የክፍሉን ሙቀት ወስዶ ውጪ ያራግፋል። በትክክል የተገጠመ ማሽን በመጀመሪያ የተሞላለትን ጋዝ ለዓመታት ይዞ መቆየት አለበት። ከጎደለ ያፈሰሰበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ይቆጠራል።

ነፋሱን ወደ ክፍሉ የሚገፋው ደግሞ ጋዙ ሳይሆን በውስጠኛው አካል ያለው ፋን ነው። ጋዙ ጨርሶ ባይኖር እንኳ ፋኑ መንፈሱን አያቆምም። ስለዚህ ባለቤቱ ባለሙያ ከመጥራቱ በፊት እጁን ማሽኑ አፍ ላይ ዘርግቶ ሁለት ነገር ይለይ። ነፋሱ ብርቱ ሆኖ ካልቀዘቀዘ ጥርጣሬው በጋዙ፣ በኮምፕሬሰሩ ወይም በውጪው አካል ላይ ነው። ነፋሱ ጥቂት ሆኖ በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን አየሩ የሚያልፍበት መንገድ ተዘግቷል፣ ወይም ፋኑ ደክሟል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ወደ ማሽኑ በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ይለካ። ደህና ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያሳያል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ፍተሻው ምንም ከማያስወጣው ይጀመር። በመጀመሪያ ሪሞቱ ይታይ። ፋኑ በዝቅተኛ ፍጥነት ወይም በሌሊት አሠራር ላይ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። በተለይ በአልጋ ቤቶች እንግዳው አስተካክሎት የሄደውን ሪሞት ማንም ሳያየው ይቀራል።

ቀጥሎ ፊልተሩ ይውጣ። እንደ ድሬዳዋ አቧራ በሚበዛበት ከተማ ፊልተር ቢያንስ በየወሩ፣ በመንገድ ዳር ባሉ ሱቆች ደግሞ በየ2 ሳምንቱ መታጠብ ይኖርበታል። በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ይመለሳል። ጥፋቱ የፊልተሩ መሆኑን ለማረጋገጥ ፊልተሩን አውጥቶ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ይበቃል። ነፋሱ ከበረታ ጥፋቱ ተገኝቷል። ያለ ፊልተር ለቀናት ማሠራት ግን አይገባም፤ አቧራው በቀጥታ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ ወጪ ያመጣል።

ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ ነፋሱ ካልተሻሻለ ቆሻሻው ከበስተጀርባ ነው። በስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተሸፈነው ቀዝቃዛ ቱቦና ረጅሙ የፋን ከበሮ በእርጥበት ላይ የተለጠፈ አቧራ ይይዛሉ። የከበሮው ትናንሽ ምላጮች በቆሻሻ ሲሞሉ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ቢዞር እንኳ አየር መቅዘፍ አይችሉም። ይህ ማሽኑን ፈትቶ ማጠብን ስለሚጠይቅ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ክፍያው ግን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ መንገዱን የሚዘጋው በረዶ ነው። ነፋስ ሲያንስ ቱቦው ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርድና በላዩ ያለው ውኃ ይረጋል፤ በረዶው ደግሞ የቀረውን ነፋስ ያግዳል። መፍትሔው ማቀዝቀዙን አቁሞ ፋኑን ብቻ ለጥቂት ሰዓታት ማሠራት ነው። በቢላዋ ወይም በካቻቪት መፈልፈል ቱቦውን ይበሳል። ፊልተሩ፣ ቱቦውና ከበሮው ንጹሕ ሆነው፣ ፋኑም በደንብ እየዞረ በረዶው ተመልሶ ከመጣ ያን ጊዜ የጋዝ መጉደል እውነተኛ ተጠርጣሪ ይሆናል።

በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ይታያል። ማሽኑ ለ220 ቮልት ተሠርቶ መስመሩ ከዚያ በብዙ ሲወርድ ሞተሩ ይዝላል። ምሽት ላይ ብቻ የሚደክም ነፋስ ይህንን ይጠቁማል። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ፋኑ ቀስ እያለ የሚነሣ ከሆነ ካፓሲተሩ ወይም የሞተሩ ኩሽኔታ ይመርመር። ካፓሲተር ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ባለቤቱ ራሱ እንዳይነካው።

በቆጣሪ ላይ የሚታየው

ነፋስ ሲደክም ክፍሉ የተፈለገው ዲግሪ ላይ ስለማይደርስ ኮምፕሬሰሩ ማረፍ አይችልም። ለምሳሌ ኢንቨርተር የሌለው ባለ 12,000 ቢቲዩ ማሽን በሰዓት ወደ 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል እንበል። በቀን 6 ሰዓት ይበቃው የነበረው 10 ሰዓት ቢሠራ ትርፉ በቀን 4.4፣ በ30 ቀን 132 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 10 ክፍል ባለው ፔንሲዮን 1,320 ይደርሳል። ባለንብረቱ ይህንን በሚከፍለው ታሪፍ ያባዛው። ያለ ዕረፍት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ዕድሜውም ያጥራል፤ ከማሽኑ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ደግሞ እሱ ነው።

ለገዢ፣ ለተከራይና ለደላላ

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት መለያ ወረቀቱን ያንብብ። አር-22 የተባለው አሮጌ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት በታዳጊ አገሮች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከጥቂት የጥገና መጠን በስተቀር ከገበያ እንዲወጣ ተወስኗል። ዛሬ በርካሽ የተገኘ ባለ አር-22 ማሽን ነገ ጋዝ ፍለጋ ሊያንከራትት ይችላል።

ከፍታም ይታሰብ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከጅቡቲ ወደብ አየር 10 ከመቶ ያህል ይሳሳል። በአዲስ አበባ ልዩነቱ 20 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ፋኑ እዚህም እዚያም እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ያንሳል። ስለዚህ ለክፍሉ ልክክ ያለውን ሳይሆን ጥቂት ተረፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ኤር ኮንዲሽነር አለው ተብሎ የሚከራይ ቤት ማሽኑ ለ20 ደቂቃ ተነሥቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ፊልተሩ ታይቶ ቢሆን ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። እጥበቱን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ውስጥ ይጻፍ። አከራይ የተከራይ ሥራ ነው፣ ተከራይ የአከራይ ነው እየተባባሉ ሁለት ዓመት ያልታጠበ ማሽን የሁለቱንም ገንዘብ ይበላል።

ጋዝ በእርግጥ መሞላት ካለበት ደንበኛው ሦስት ነገር በደረሰኙ ላይ ይጠይቅ፤ የፈሰሰበት ቦታ፣ የተደፈነበት መንገድና የተሞላው ጋዝ ዓይነትና ክብደት። ትክክለኛው ዓይነትና ልክ በማሽኑ መለያ ላይ ተጽፏል። የት አፈሰሰ ተብሎ ተጠይቆ መልስ ሳይሰጥ ሲሊንደሩን የሚከፍት ባለሙያ ካለ፣ ደንበኛው ቦርሳውን ለመክፈት አይቸኩል።