ስሙ ያልተጠራው መፈንቅለ መንግሥት

የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ዴሞክራሲን ያስቀድም ወይስ መረጋጋትን? ጥያቄው በመማሪያ መጻሕፍት የሁለት መርሆች ፍጥጫ ሆኖ ይቀርባል። በዲፕሎማቱ ጠረጴዛ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የአንድ ቃል ምርጫ ሆኖ ነው። ጦሩ የተመረጠውን መሪ አውርዷል፤ በሰዓታት ውስጥ መግለጫ መውጣት አለበት፤ መግለጫው ድርጊቱን ምን ብሎ ይጥራው? የተመረጠው ስም እርዳታ ሊያስቆም፣ ወዳጅ ሊያስቀይም፣ ወይም ሁሉም ነገር እንደነበረ እንዲቀጥል ሊፈቅድ ይችላል።

ቃሉ ይህን ያህል የከበደው በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮንግረሱ በሚያጸድቀው የውጭ እርዳታ በጀት ሕግ ውስጥ ባለሙያዎች ዛሬ «ክፍል 7008» የሚሉት ድንጋጌ አለ። በአግባቡ የተመረጠ የመንግሥት መሪ በወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ከተወገደ ለዚያ አገር መንግሥት የሚሰጠው እርዳታ ይቋረጣል፤ የሚለቀቀውም በዴሞክራሲ የተመረጠ መንግሥት ሥልጣን መያዙ ሲረጋገጥ ነው። ድንጋጌው ጥብቅ ይመስላል። ነገር ግን ድርጊቱ መፈንቅለ መንግሥት መሆን አለመሆኑ በስንት ቀን ውስጥ መወሰን እንዳለበት አይናገርም። ሙያው የሚፈተነው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ መግለጫ የአንድ ሰው ጽሑፍ አይደለም። የአገሩን ጉዳይ የሚከታተለው ዴስክ ያረቅቀዋል፤ ረቂቁ ወደ ሕግ ክፍል፣ ወደ ሰብዓዊ መብት ቢሮ፣ ወደ ወታደራዊ ትብብር ክፍል ይዞራል፤ ሁሉም ሳይስማሙበት አይወጣም። ጠዋት «መፈንቅለ መንግሥት» የነበረው ከሰዓት «የጦሩ እርምጃ» ይሆናል፣ ማምሻውን ደግሞ «የሰሞኑ ክስተቶች»። በመሃል አንዱ ቢሮ «በእጅጉ ያሳስበናል» የሚል ሐረግ ያስገባል፣ ሌላው «ሁሉም ወገኖች» የሚል ይጨምርበታል። በረቂቁ ላይ ውሸት የጻፈ ሰው የለም። እያንዳንዱ እጅ ጥቂት ጥቂት ቀንሶ ሲያበቃ ግን ማን ማንን እንዳወረደ ከጽሑፉ ጠፍቷል። በ1953 ዓ.ም. በእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት «የታኅሣሥ ግርግር» ሲባል የሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስም ምን ያህል ሊሸፍን እንደሚችል ያውቃል።

ጉዳዩ ከሁሉም ጎልቶ የታየው በግብፅ ነው። መሐመድ ሙርሲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 በ51.7 በመቶ ድምፅ ተመረጡ። በዓመቱ ሚሊዮኖች በአደባባይ ተቃወሟቸው፤ ጁላይ 3 ቀን 2013 በጄኔራል አብዱል ፈታሕ አል ሲሲ የሚመራው ጦር ከሥልጣን አወረዳቸው። አሜሪካ ለግብፅ ጦር በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ትሰጥ ነበር። የሱዌዝ ቦይ፣ የ1979ኙ የግብፅና የእስራኤል የሰላም ውል፣ የሲና በረሃ ታጣቂዎች ሁሉ ከዚህ ገንዘብ ጋር የተሳሰሩ ጉዳዮች ናቸው። ሌላም ቋጠሮ ነበረ፦ ግብፅ ወደፊት የሚሰጣትን እርዳታ ታሳቢ አድርጋ ለዓመታት የሚከፈል የጦር መሣሪያ የማዘዝ መብት ስለነበራት፣ እርዳታው ቢቆም ትእዛዙን የያዙት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጭምር ይጎዱ ነበር።

የኦባማ መስተዳድር በዚያው ወር መጨረሻ የደረሰበት አቋም ለሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ መከራከሪያ ነው፤ ድርጊቱ መፈንቅለ መንግሥት ነው ወይም አይደለም ብሎ ለመወሰን ሕጉ አያስገድደንም አለ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ኬሪ በነሐሴ መጀመሪያ የግብፅ ጦር ዴሞክራሲን እየመለሰ ነው እስከ ማለት ደረሱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦገስት 14 ቀን፣ የጸጥታ ኃይሎች በካይሮ ራቢዓ አል አደዊያ አደባባይ የተሰበሰቡ የሙርሲ ደጋፊዎችን በተኩስ በተኑ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያ አንድ ቦታ ብቻ ቢያንስ 817 ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል። ዋሽንግተን በጥቅምት የኤፍ 16 አውሮፕላኖችን፣ የአፓቼ ሄሊኮፕተሮችን፣ የታንክ መገጣጠሚያዎችንና 260 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሳትሰጥ ያዘች። በመጋቢት 2015 ቀሪዎቹን የጦር መሣሪያዎች ለቀቀች።

መረጋጋትን የሚያስቀድመው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም፤ ለአምባገነን ጥብቅና እንደመቆም መቁጠሩም ፍርደ ገምድልነት ነው። ኢራቅ ከ2003 በኋላ፣ ሊቢያ ከ2011 በኋላ የደረሰባቸውን ያየ ባለሙያ መንግሥት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚያልቀው ተራው ሰው መሆኑን ያውቃል። የእርዳታ ጉልበትም ልክ አለው። ሙርሲ በወረዱ በቀናት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኩዌት በድምሩ 12 ቢሊዮን ዶላር ለካይሮ ቃል ገቡ። ከአሜሪካ ዓመታዊ ወታደራዊ እርዳታ ዘጠኝ እጥፍ በላይ ማለት ነው። እርዳታው ቢቋረጥ ኖሮ ጄኔራሎቹ ወደ ሰፈራቸው ይመለሱ ነበር ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም።

ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። በየቢሮው «መረጋጋት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የአገሩ ሳይሆን የገዢው መረጋጋት ነው። ሆስኒ ሙባረክ ሠላሳ ዓመት ያህል የመረጋጋት ምሰሶ ተብለው ተደግፈዋል፤ በ2011 የወደቁት በ18 ቀን ተቃውሞ ነው። ለአንድ ሰው የተሰጠ ድጋፍ ለአገር የተሰጠ ዋስትና ተደርጎ ሲቆጠር፣ ሰውየው በወደቀ ማግስት ደጋፊው መንግሥት በአደባባዩ ውስጥ የሚያናግረው ሰው አያገኝም።

ቃሉን ማዘግየት ምን ያህል እንደማያተርፍ ደግሞ ኒጀር አሳይታለች። ጁላይ 26 ቀን 2023 በጄኔራል አብዱራህማኔ ቲያኒ የሚመራው የፕሬዚዳንቱ ጥበቃ ክፍል የተመረጡትን ፕሬዚዳንት መሐመድ ባዙምን አገተ። አሜሪካ በአገሩ አንድ ሺህ ያህል ወታደሮች ነበሯት፤ በአጋዴዝ 110 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት የድሮን ሰፈርም ነበራት። መፈንቅለ መንግሥት የሚለውን ቃል በይፋ እስክትጠቀም 76 ቀን ፈጀባት። መዘግየቱ ለድርድር ጊዜ ለመግዛትና ሰፈሩን ለማትረፍ ነበር። በመጋቢት 2024 ወታደራዊው መንግሥት ስምምነቱን ሰረዘ፤ የመጨረሻዎቹ ወታደሮች በመስከረም ለቀው ወጡ። ስሙ ዘግይቶ መጠራቱ ሰፈሩን አላዳነም፣ ባዙምንም አላስፈታም።

እንግዲህ ከሁለቱ ጉዳዮች የሚወጣው ፍርድ «ሁልጊዜ እርዳታውን ቁረጥ» የሚል አይደለም። መጀመሪያ ድርጊቱ በስሙ ይጠራ፤ ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ጥቅም ግድ ካለ እርዳታውን ለመቀጠል የሚያስችል ልዩ ፈቃድ ምክር ቤት ፊት በግልጽ ይጠየቅ የሚል ነው። ይህ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ራሱ ኮንግረሱ አሳይቷል፤ ለ2014 ባጸደቀው በጀት ክልከላው ቢኖርም ለግብፅ እርዳታ እንዲሰጥ በጽሑፍ ፈቅዶ ሁኔታዎችንም አያይዞበታል። በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ የሚጠየቅበት ባለቤት አለው፤ ሊገደብ፣ ሊሻርም ይችላል። በመግለጫ ውስጥ የተዋጠ ቃል ግን ማንንም ተጠያቂ አያደርግም፤ ለቀጣዩ ጄኔራልም መንገዱን ያሳየዋል።

የአፍሪካ ኅብረት በዚህ ረገድ በወረቀት ከአሜሪካ የጠነከረ ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር በአንቀጽ 25 ሥልጣንን ከሕገ መንግሥት ውጭ የነጠቁ ሰዎች ሥርዓቱን ለመመለስ በሚካሄደው ምርጫ እንዳይወዳደሩ ይከለክላል። ግብፅ ቻርተሩን አልፈረመችም፤ የኅብረቱ የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት ግን ሙርሲ በወረዱ በሁለተኛው ቀን አግዷታል። ያን ጊዜ ዋሽንግተን ያልደፈረችውን አዲስ አበባ ደፍራ ነበር። አል ሲሲ በግንቦት 2014 ተወዳድረው አሸነፉ፤ እገዳው በሰኔ ተነሳ። በየካቲት 2019 እዚያው አዲስ አበባ የኅብረቱን ሊቀመንበርነት ተረከቡ።