ባትሪው ለምን ቶሎ ያልቃል?

ከሰቆጣ ወደ ኮረም ስንጓዝ ዳገትና ቁልቁለቱ ብዙ ነው። በሌሊት የመኪናው መብራት ቢጠፋስ? ገደሉ ቅርብ ነው። ስለዚህ ምልክቱን አስቀድመን እንወቅ።

ባትሪ ጎተራ ነው። ዲናሞ እህል የሚያስገባው ገበሬ ነው። ሞተር ሲሠራ ቺንጋው ዲናሞውን ያዞረዋል፤ ዲናሞውም ባትሪውን ይሞላል። ገበሬው ከተኛ ጎተራው ባዶ ይቀራል። አዲስ ባትሪ ብንገዛም ያው ነው፤ ያልቃል።

ሞተር እየሠራ በሹፌሩ ፊት ቀይ የባትሪ ሥዕል ከበራ ችግር አለ ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍተን ቺንጋውን እንይ። ላልቷል? ተሰነጣጥቋል? የባትሪው ሽቦዎች የታሰሩበትስ ዝጓል? ለመጥረግ ስንፈታ ከመቀነስ ምልክቱ (–) እንጀምር፤ ስናስር እሱን መጨረሻ እናድርግ።

ከዚያ በቴስተር እንለካ። ባለ 12 ቮልት መኪና ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ 12 ተኩል ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ከ13 ተኩል እስከ 14 ተኩል ካሳየ ዲናሞው ደኅና ነው። ከ13 በታች ከሆነ አይሞላም፤ መካኒክ ይየው።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ሽቦ ነቅለን አንሞክር! ዲናሞው ይቃጠላል።

ቁጥሩን ራሳችን ካነበብን፣ ዲናሞው ታሞ ለባትሪ ገንዘብ አናወጣም።