በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ የሚጓዙ ተሳፋሪዎች የደኅንነት ቀበቶ ማሠር ይገባቸዋልን?

ከሞጆ ተነስቶ በቆቃና በዓለም ጤና አድርጎ መቂን የሚያቋርጠው፣ ወደ ባቱ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ የሚዘልቀው ነባር መንገድ ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ቅጥቅጥ፣ ሚኒባስ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ፣ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና፣ ባጃጅና የአህያ ጋሪ በአንድነት የሚገለገሉበት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከሞጆ እስከ ባቱ የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ከጋሪና ከእንስሳ ነፃ ቢሆንም የተሽከርካሪዎቹ ፍጥነት በዚያው መጠን ከፍ ያለ ነው። በሁለቱም ላይ አደጋ በደረሰ ጊዜ ተጎጂዎችን አስቀድሞ የሚቀበለው በአቅራቢያው ያለ የጤና ባለሙያ ነው። አሽከርካሪ ቀበቶ ማሠር እንዳለበት የሚከራከር ዛሬ የለም፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003ም ቀበቶ ሳያስሩ ማሽከርከርን ከጥፋቶች መድቦታል። ከኋላ ወንበር ስለተቀመጠው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ግን እምብዛም አይነሳም።

ነገሩ ችላ የተባለበት ምክንያት አለው። ትልቅ አውቶቡስ ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ ፍጥነቱ በድንገት አይገታም፤ ክብደቱ ተሳፋሪውን ይከላከልለታል። በአሜሪካ የተማሪ ማመላለሻ አውቶቡሶች ላይ ለረጅም ዘመን ቀበቶ ሳይገጠም የቆየው በዚህ እምነት ነበር። በቀበቶ ፋንታ ወንበሮቹ ተቀራርበው፣ መደገፊያቸው ከፍ ብሎና ለስላሳ ነገር ተለብጦ እንዲሠሩ ተደርጓል። ይህ ዘዴ ከፊትና ከኋላ ለሚመጣ ግጭት ይረዳል። አውቶቡሱ ከተገለበጠ ግን ፋይዳው ያነሰ ነው። በተጨማሪም በመቂ መንገድ ላይ ከአውቶቡሱ ጋር የሚጋጠመው ብዙ ጊዜ ትንሽ መኪና ሳይሆን የተጫነ የጭነት መኪና ነው፤ የክብደት ብልጫው ያኔ ይቀራል።

በአውቶቡስ አደጋ ከፍተኛውን ሞት የሚያስከትለው መገልበጥ ነው። ቀበቶ ያላሠረ ሰው ከጣሪያው፣ ከሻንጣ ማስቀመጫውና ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር እየተላተመ ይቆይና በተሰበረ መስኮት ተወርውሮ ይወጣል፤ ተሽከርካሪው ራሱ የሚወድቅበትም አለ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ የ38 ሰዎች ሕይወት አልፏል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረበው ረቂቅ ደንብ ቀበቶ በሀገር አቋራጭ አውቶቡስ መገልበጥ የሚደርስን የሞት አደጋ በ77 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። ደንቡ በ2013 ጸድቆ ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ በሚሠሩ አዳዲስ አውቶቡሶች ላይ ትከሻንና ወገብን የሚይዝ ቀበቶ ግዴታ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ቀበቶ በተገጠመለት አውቶቡስ የተቀመጠ ተሳፋሪ እንዲያስር በ2003 ባወጣው መመሪያ አዟል።

ይህ እንዳለ ወደ መቂ መናኸሪያ ሊገለበጥ አይችልም። ቀበቶ የሚጠቅመው የታሠረበት ወንበር ከወለሉ ጋር በጽኑ ሲያያዝ ነው። በአይሱዙ ሻሲ ላይ በሀገር ውስጥ አካል በተሠራለት ቅጥቅጥ፣ ቀበቶ ቢጨመርም ወንበሩ በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ከተሳፋሪው ጋር የሚሄድ ከሆነ የተገኘ ነገር የለም። በኮሪደሩ ላይ በዱካ የተቀመጠው ትርፍ ሰውም የሚያስረው ቀበቶ የለውም፤ ከኋላ ተወርውሮ ቀበቶ ያሠረውን ጎረቤቱን ሊገድል ይችላል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን ያሳፈረ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የቀበቶ ጥያቄ የሚነሳበት ወንበር እንኳ አልነበረም። ስለዚህ መልሱ፣ ቀበቶ ያለበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይሠር፤ ቀበቶ ግን የትርፍ ጭነት ቁጥጥርን አይተካም የሚል ይሆናል።

ለጤና ባለሙያው ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ወገብን ብቻ የሚይዘው ባለ ሁለት ነጥብ ቀበቶ ከመወርወር ቢያድንም የራሱን ጉዳት ያመጣል። ቀበቶው ከዳሌ አጥንት በላይ ሆዱ ላይ ካረፈ ሰውነት በድንገት ወደ ፊት ሲታጠፍ ትንሹ አንጀትና ሜሴንተሪው በቀበቶውና በአከርካሪው መካከል ይጨፈለቃሉ። በደረትና በወገብ መጋጠሚያ ያለው የአከርካሪ አጥንትም ከኋላ ወደ ፊት በአግድም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህ ስብራት እ.ኤ.አ. በ1948 በገለጸው ሐኪም ስም የቻንስ ስብራት ይባላል። አሳሳቢው ነገር ታካሚው መጀመሪያ ደህና መምሰሉ ነው። በራሱ እግር ይመጣል፣ የደም ግፊቱ ትክክል ነው፣ ሆዱም ለስላሳ ነው። የተበሳ አንጀት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ፈሳሽ ስለማያፈስ አልትራሳውንድም ንጹሕ ሊያሳይ ይችላል። በማግሥቱ ፔሪቶናይተስ ይዞት ይመለሳል፤ ላይመለስም ይችላል።

በመሆኑም ሆዱ ላይ የቀበቶ ሰንበር ያለበት ተጎጂ ምንም ሕመም ባይናገር እንኳ ወደ ቤቱ አይሸኝም። በየጥቂት ሰዓቱ፣ የሚቻል ከሆነ በአንድ ሰው እጅ፣ ሆዱ ደግሞ ደጋግሞ ይዳሰሳል፤ ጀርባው እስኪጣራ በጀርባው ተጋድሞ እንደ ግንድ ይገላበጣል፤ ራጅ ሲነሳ የጎን ፎቶ አይቀርም። ሰንበሩ አንገት ላይ ከሆነ የአንገት ደም ሥር ጉዳት ይታሰባል። ይህ ሁሉ ቀበቶን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ያላሠረው ሰው ብዙ ጊዜ ሆዱ እስኪመረመር አይቆይም። ተሳፋሪዎች የሚያነሱት ሌላ ስጋት እሳትና ውኃ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን ታሠረም አልታሠረ በራሱ ኃይል አይወጣም፤ ቀበቶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ንቃትን ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የወገቡን ክፍል ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ እንድታሳርፍ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ቢነገራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በእቅፍ ያለ ሕፃን ጉዳይ ከባድ ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ጋር በድንገት መቆም ከ25 ሜትር ከፍታ መውደቅን ያህላልና የእናት ክንድ አይይዘውም።

የመረጃው እጥረት ሌላው ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በይፋ የተመዘገበው የትራፊክ ሞት 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ የገመተው 27,326 ነው። ሞቱ በዚህ መጠን ሳይመዘገብ በቀረበት፣ ከሟቾቹ ማን ቀበቶ እንዳሠረ መጠየቅ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም የአውቶቡስ ባለቤትም ሆነ ደንብ አውጪ «ያሠሩት ተርፈዋልን?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከድንገተኛ ክፍል ካርድ በቀር የትም አይገኝም። የተሽከርካሪው ዓይነት፣ ተጎጂው የተቀመጠበት ወይም የቆመበት ስፍራ፣ ቀበቶ ማሠሩና የቀበቶው ዓይነት፣ ከመኪናው ተወርውሮ መውጣቱ፤ አራቱም በአንድ መስመር ይጻፋሉ። መስመሩ በሪፈር ወረቀቱ ላይ አብሮ ከተላለፈ፣ ከመቂ የተላከውን ታካሚ አዳማ ላይ የሚቀበለው ሐኪም ለስላሳውን ሆድ ደግሞ ሊዳስስ ይመለሳል።