አዲስ አውራ ዶሮ በነባር መንጋ ውስጥ

በጓሮ የሚረቡ ዶሮዎች ያለ ሥርዓት የሚጭሩና የሚንጫጩ ቢመስሉም፣ እያንዳንዷ ዶሮ ለየትኛዋ መንገድ እንደምትለቅና የትኛዋን ነቁራ እንደምታባርር ለይታ የምታውቅበት ተዋረድ አላቸው። ኖርዌጂያዊው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ እ.ኤ.አ. በ1921 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ከፍ ያለ ደረጃ የያዘችው ዝቅ ያለችውን እንደምትነቁርና የተነቆረችውም አጸፋ እንደማትመልስ ገልጿል፤ የመናቆር ተዋረድ የሚባለውም ይኸው አንዴ በጠብ ከተወሰነ በኋላ ሌላውን ጠብ የሚያስቀር ሥርዓት ነው። ሴቶቹና አውራዎቹ የየራሳቸው ተዋረድ ስላላቸው፣ እንግዳ አውራ ሲገባ ነባሩ አውራ ካለ ከእርሱ ጋር፣ ከሌለም ከሴቶቹ አለቃ ጋር የሚፈተንበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም።

አውራ የሚቀየርበት ዋነኛ ምክንያት የዝምድና እርባታን፣ ማለትም አባት ከገዛ ልጆቹ ጋር የሚፈጽመውን ተራክቦ፣ ለመከላከል ነው። የአገር ቄቦች በ6 ወይም በ7 ወራቸው ገደማ እንቁላል መጣል ስለሚጀምሩ፣ አንድ አውራ በአንድ ግቢ ከዓመት በላይ ከቆየ ከልጆቹ ጋር መገናኘቱ የማይቀር ሲሆን፣ ይህ በየትውልዱ ሲደጋገም የማይፈለፈል እንቁላልና በቀላሉ የሚሞት ጫጩት ይበዛል። ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ ሴቶች አንድ አውራ ይበቃል፤ ሴቶቹ ከዚህ በጣም ካነሱ አውራው ደጋግሞ ስለሚወጣባቸው የጀርባቸው ላባ ይረግፋል። እንደ ሳሶ ያለው ግዙፍ ዝርያ በመልኩ ቢያጓጓም በክብደቱ ትናንሾቹን የአገር ዶሮዎች ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጥቂት የአገር ዶሮ ላለው ሰው ከሌላ መንደር የመጣ ጤነኛ የአገር አውራ ይሻለዋል (ገብስማ ይሁን ቀይ፣ ላባው ለገበያ ዋጋ እንጂ ለጫጩቶቹ ጤንነት የሚጨምረው ነገር የለም)።

ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት ጠቡን ነው፤ ይሁን እንጂ መንጋን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው አውራው በላባው፣ በአፉና በኩሱ ይዞት የሚመጣው በሽታ ነው። በአገራችን ፈንግል የሚባለው፣ በሳይንሱ የኒውካስል በሽታ ተብሎ የሚታወቀው የቫይረስ ሕመም፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠርና የአንገት መጣመም የሚያስከትል ሲሆን፣ ክትባት ባላገኘ መንጋ ላይ ሲወርድ ከዶሮዎቹ አብዛኞቹን በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ቫይረሱ ወደ አንድ ዶሮ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 15 ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ በገበያ ቀን ቀጥ ብሎ የሚጮኸው አውራ ጤነኛ መምሰሉ ምንም አያረጋግጥም፤ በተለይ በበዓል ሰሞን ከብዙ አካባቢ የመጡ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ጎን ለጎን ተደርድረው በሚውሉበት ገበያ የተገዛ ከሆነ ጥርጣሬው ሊጠነክር ይገባል። ስለዚህ አውራው ቢያንስ ለ21 ቀናት ከመንጋው ርቆ፣ በራሱ የውኃና የመኖ ዕቃ እየተገለገለ ይቆያል፤ ባለቤቱም ነባሮቹን አስቀድሞ መግቦ እርሱን በመጨረሻ ይጎበኛል፣ ከዚያም እጁን ይታጠባል። ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከሚመረቱት ክትባቶች በዓይን የሚጨመረውን ወይም በውኃ የሚሰጠውን ለእርሱም ለነባሮቹም ማስከተብ የሚመረጠው በዚሁ ጊዜ ነው። የላባው ሥር በቅንቅን አለመወረሩና እስራቱ እግሩን አለማቁሰሉም ይታያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትውውቅ በሽቦ አጥር ወይም በእንጨት ርብራብ ተለያይተው እንዲተያዩ ለአንድ ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። በብዙ ቤት እንግዳውን ዶሮ እስኪለምድ በእግሩ ማሰር የተለመደ ቢሆንም፣ የታሰረ አውራ ከሚነቁሩት ማምለጫ ስለሌለው ይህ ዘዴ ከመጥፋት ያድነው እንደሆነ እንጂ ከጉዳት አያድነውም። ሌሊት ቆጥ ላይ ማስቀመጥም ዶሮዎች በጨለማ አጥርተው ስለማያዩ ለጊዜው ሰላም ያስገኛል፤ ነገር ግን ጠቡን ወደ ማለዳ ከማሸጋገር ያለፈ ጥቅም የለውም። ሲለቀቅ ግቢው ሰፊ፣ መኖውም ቢያንስ በሁለት ቦታ የተቀመጠ ከሆነ የሚሸሸው ይሸሻል፣ የሚራበውም አይኖርም።

ወጣት አውራ ከሆነ የሴቶቹ አለቃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልታሸንፈው ትችላለች፤ ይህም ሊያስደነግጥ አይገባም፣ ምክንያቱም ጎልምሶ ሲበረታ ደረጃውን ይይዛል። ተቀባይነት ማግኘቱ የሚታወቀው በማሸነፉ ብቻ አይደለም። አውራ ዶሮ እህል ሲያገኝ ራሱ ሳይውጠው አንስቶ እየጣለ፣ አጭር ድምፅ እየደጋገመ ሴቶቹን ይጠራል፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ የሚያሰማው ማስጠንቀቂያም በምድር ለሚመጣ ሽለምጥማጥ ከሚያሰማው የተለየ ነው። ሴቶቹ ለመብል ጥሪው መሮጥ፣ ለማስጠንቀቂያውም መሸሸግ ሲጀምሩ አውራው የመንጋው ሆኗል ማለት ይቻላል።

ነባር አውራ ሳይነሳ ሌላ ማስገባት ከባድ ነው፣ ሁለቱም በእግራቸው ባለው ሹል ጥፍር መሰል ቀንድ እየተዘላለሉ ስለሚዋጉ። አጭር ግጥሚያ ተፈጥሯዊ ነው፤ ደም ከታየ ግን ሌሎቹም ቁስሉን ስለሚነቁሩት ወዲያውኑ መለየት ያስፈልጋል። ተዋረዱ ከተወሰነ በኋላ በጩኸትም ይታወቃል፦ በጃፓን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ንጋትን አስቀድሞ የሚያበስረው የበላዩ አውራ ሲሆን፣ የበታቾቹ ከእርሱ በኋላ እንደየደረጃቸው ይከተላሉ።

እንቁላል ለማሳቀፍ ላሰበ ሰው አንድ ጉዳይ ይቀራል። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በማሕፀን ቧንቧዋ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች እስከ 2 ወይም 3 ሳምንት ድረስ ስለምታቆይ፣ አሮጌው አውራ ከሄደ በኋላም የእርሱን ጫጩቶች ልታስፈለፍል ትችላለች፤ በመሆኑም አሮጌው ከተወገደ 3 ሳምንት ሳይሞላ በታቀፉ እንቁላሎች የተገኙ ጫጩቶች አባት የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።