የምድር ትል በቤት ውስጥ፤ ከጓዳ ጥራጊ እስከ መስኮት አትክልት

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «ተማሪዎቼ በክፍላቸው ውስጥ በሣጥን የምድር ትል አርብተው፥ ከትሉ በሚገኘው ብስባሽ በመስኮቱ ሥር ቆስጣና ሰላጣ ለመትከል ይሻሉ። ወላጆች ግን ‹ልጆቻችን ትል ሊነኩ ነውን?› ብለው ተቆጡን። የጤና ባለሙያ ነዎትና እርስዎ ምን ይላሉ?» እኛም ነገሩን በሚገባ ሳንመረምር «ትልና ትምህርት ቤት አብረው አይሄዱም፤ ቢቀርብዎ ይሻላል» ስንል መለስንላቸው። መምህሩም አመስግነው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ይህ መልሳችን ኅሊናችንን ሲወቅሰው ቆየ። ምክንያቱም እኛው ራሳችን በውጭ አገር በተማርንበት ዘመን፥ ያከራዩን እመቤት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር እንዲህ ያለ ሣጥን እንደ ነበራቸው አይተናል፤ በዚያው ብስባሽ የበቀለውንም ሰላጣ ከማዕዳቸው በልተናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእኒያ መምህርና እንደ እርሳቸው ላሉት ሁሉ የምንሰጠው የታረመ መልስ ነው።

ትል ሁሉ አንድ አይደለም

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። በቋንቋችን «ትል» የሚለው አንድ ቃል እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ብዙ ፍጥረታትን ይጠራል። በሕፃናት አንጀት የሚኖረው ወስፋት ትል ይባላል፤ በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ የሚመጣው ኮሶም ትል ይባላል፤ በባዶ እግር የሚሄደውን ሰው ቆዳ በስቶ የሚገባው መንጠቆ ትል አለ፤ በበሰበሰ ሥጋ ላይ የሚርመሰመሰው የዝንብ ዕጭም ያው ትል ነው። እኛ የጤና ሠራተኞች ስለ እነዚህ ሁሉ ሕዝብን ስናስጠነቅቅ ስለ ኖርን፥ ወላጆች ስሙን ሲሰሙ ቢሰቀጥጣቸው የሚያስወቅስ አይደለም።

የምድር ትል ግን ከእነዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በሰው አካል ውስጥ አይኖርም፤ ደም አይመጥም፤ ጥርስ ስለሌለውም አይነክስም። ምግቡ የሞተና መበስበስ የጀመረ ተክል ነው፤ የሚተነፍሰውም በቆዳው ስለ ሆነ እርጥበት ከሌለ ይሞታል። ከብርሃን ይሸሻል። የበላውን ፈጭቶ የሚጥለው ኵስ ጥቁር፥ ልል፥ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እነዚህን ትሎች በቤቱ ውስጥ በአፈር በተሞሉ ማሰሮዎች አኑሮ ጠባያቸውን ሲመረምር ኖሮ፥ ስለ እነርሱ የጻፈውን መጽሐፍ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1881 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሜሪ አፔልሆፍ የተባሉ አሜሪካዊት መምህርት ትልን በቤት ሣጥን ስለ ማርባት በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያት ሥራው በብዙ አገር ጓዳዎች ታወቀ።

ጤና ጠባቂን ምን አገባው?

«ይህስ የእርሻ ጉዳይ ነው እንጂ የጤና አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። ከከተማ ቤት ከሚወጣው ጥራጊ ብዙው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፥ የጎመን ግንድ፥ የሙዝ ቅርፊትና የቡና አተላ ነው። ይህ ነገር በክዳን አልባ ባልዲ ተጠራቅሞ ሲቈይ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ በሞቃት ወራትም ከእንቁላሉ ተነሥቶ የሚበር ዝንብ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል። ያችው ዝንብ ከመጸዳጃ ቤት ተነሥታ በሕፃኑ ምግብ ላይ ስታርፍ የተቅማጥን ጀርም በእግሯ ይዛ ነው።

ከቤት የወጣውም ቆሻሻ ቢሆን ጠፍቶ አይጠፋም፤ አንድ ቦታ ይከመራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ100 በላይ የሚሆኑ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን እንዳጡ ሁላችንም እናስታውሳለን። የአንድ ቤት የድንች ልጣጭ ያን ተራራ ሠራው አንልም፤ ነገር ግን ተራራው የተሠራው ከየቤቱ በወጣው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ከምንጩ ለመቀነስ የሚቻለውን መቀነስ የንጽሕና ሥራ መጀመሪያ ነው።

ሣጥኑን ስለ ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ነው። ርዝመቱ 50፥ ወርዱ 35፥ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፥ ወይም ቀለም ያልተቀባ አሮጌ የእንጨት ሣጥን ይበቃል። እነዚህ ትሎች የሚመገቡት በላይኛው ንጣፍ ስለ ሆነ፥ ከጥልቅ ሣጥን ሰፊ ሣጥን ይመረጣል። በጋለ ምስማር በክዳኑና በጎኑ ለአየር፥ በሥሩም ለውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ይበሱለታል፤ ከሥሩም የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ሳሕን ይደረጋል።

ከዚያ በኋላ የተቀዳደደ የጋዜጣ ወረቀት ወይም ካርቶን ከጥቂት የጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፥ በውኃ ተነክሮ፥ ታጥቦ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እስኪሆን ድረስ ይጨመቃል፤ ሣጥኑም እስከ እኩሌታው በዚህ ይሞላል። አንድ ሁለት እፍኝ አፈር ይጨመርበታል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሸዋ ትሉ በሆዱ ምግቡን እንዲፈጭ ይረዳዋልና። ትሉ ከጓሮ ተቆፍሮ የሚወጣው ማንኛውም ትል እንዳይደለ ልብ ይሏል። ጥልቅ አፈር የሚወደው ትል በሣጥን አይበረክትም፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው በፍግና በብስባሽ ላይ የሚኖረው ቀይ ትል፥ በሳይንስ ስሙ አይዜንያ ፌቲዳ የሚባለው ነው። ይህንንም ብስባሽ ከሚያዘጋጁ ገበሬዎች ወይም በግብርና ባለሙያዎች በኩል ማፈላለግ ይቻላል።

ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ለትሉ ይስማማዋል፤ ስለዚህ በደጋ ከተሞች ያለ ብዙ ድካም ይኖራል፤ በቆላ ከተሞች ግን ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ የሆነው ጥግ ይፈለግለታል። አንድ ኪሎ ግራም ትል ከሣጥኑ ጋር በደንብ ከተላመደ በቀን እስከ ግማሽ ኪሎ ግራም ጥራጊ ሊበላ ይችላል፤ ጀማሪ ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ይጀምር። የሚሰጠው የአትክልት ልጣጭ፥ የቡና አተላ፥ የሻይ ቅጠልና ተወቅጦ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ሥጋ፥ አጥንት፥ ወተት፥ ቅቤና ዘይት፥ ጨውና በርበሬ የገባበት ምግብ ሁሉ ክልክል ነው፤ የሎሚና የብርቱካን ቅርፊትም ከጥቂት በላይ አይሰጥም።

የእኛ ስሕተት

ለሌላው ከመምከራችን በፊት ራሳችን ልንሞክረው ወደድንና ሣጥኑን በቤታችን ጓዳ አኖርን። እናታችን ሲያዩት «ልጄ፥ ባሕር ማዶ ተሻግረህ ተምረህ የመጣኸው ትል ማርባት ነው?» አሉን። እኛም ውጤቱን ቶሎ ልናሳያቸው ጓጓንና፥ ከድግስ የተረፈውን የጎመን ወጥና እንጀራ በአንድ ቀን ደፋንበት። በሦስተኛው ቀን ጓዳው ሸተተ፤ ትሎቹ ከሣጥኑ ወጥተው በግድግዳው ላይ ተሳቡ፤ ከእኩሌታ በላይ የሚሆኑትም ሞቱ። እናታችን ምንም ሳይናገሩ መጥረጊያ አቀበሉን።

ከዚህ የተማርነው ይህን ነው። ሣጥን የሚሸተው ከትሉ የተነሣ አይደለም፤ ትሉ ሊበላው ከሚችለው በላይ ምግብ ሲሰጠው ወይም ውኃ ሲበዛበት ነው። ሲሸት መመገብን አቁሞ ደረቅ ወረቀት መጨመርና በእጅ ማላላት ይገባል። ትሎቹ ወደ ክዳኑ ቢወጡ ንጣፉ ርሷል ወይም ኮምጥጧል ማለት ነው። ጥቃቅን ዝንቦች ቢታዩ ምግቡ ከላይ ተጋልጧልና፥ ሁልጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከንጣፉ ሥር ይቀበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ ሁለተኛው ሣጥናችን በትዕግሥት ተይዞ በአራተኛው ወር ጥቁር ብስባሽ ሰጠን።

ብስባሹን ለማውጣት አዲስ ምግብ በሣጥኑ አንድ ወገን ብቻ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይቀበራል፤ ትሎቹም ወደዚያው ሲሰበሰቡ ሌላው ወገን ይዛቃል።

የመስኮት አትክልት

ብስባሹ ብቻውን ተክል አይተከልበትም። ከአንድ እጅ ብስባሽ ጋር ሦስት ወይም አራት እጅ ጥሩ አፈር ይደባለቃል። ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፥ ሥሩ የተበሳ ማሰሮ ወይም የተቈረጠ ጀሪካን ለቆስጣ፥ ለሰላጣ፥ ለናናና ለበሶብላ ይበቃል። መስኮቱ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝ መልካም ነው። ቆስጣ ከውጭ ያለው ቅጠሉ ብቻ ቢቈረጥ ከመካከሉ እያደገ ለብዙ ጊዜ ይመገቡታል።

በቤታችን የሚገኙ ሌሎች ማዳበሪያዎችም በልክ ይጠቅማሉ። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፥ ደርቆ፥ በሙቀጫ ተወቅጦ ሲበተን ቀስ እያለ ካልሲየም ይሰጣል። የእንጨት አመድ ፖታሲየም አለው፤ ነገር ግን አፈርን አልካላይን ስለሚያደርግ ለአንድ ማሰሮ ከቁንጥር አይለፍ፤ ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድም ከቶ አይነካ። የቡና አተላ በስሱ እንጂ በወፍራሙ አይደረብ፤ ችግኝን ያቀጭጫልና። ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ቅጠሉን ቢወሩት፥ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ መርጨት፥ ኋላም በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው።

የማይታለፉ ጥንቃቄዎች

1ኛ፤ በሙቀት የሚዘጋጅ ብስባሽ በአግባቡ ሲያዝ ከ55 ዲግሪ በላይ ግሎ ብዙ ጀርሞችን ይገድላል፤ የትል ሣጥን ግን አይግልም። ስለዚህ የሰው ዓይነ ምድር፥ የሕፃን መጠቅለያ፥ የውሻና የድመት ኵስ ፈጽሞ አይግባበት። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቈይ ይችላል።

2ኛ፤ ከሣጥኑ ሥር የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ያልበሰበሰ ነገር አጥቦ የወረደ ነውና ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይ አይፍሰስ።

3ኛ፤ ሣጥኑን ወይም አፈሩን የነካ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቍስል ያለበት ጓንት ያድርግ፤ ሕፃናትም የቴታነስ ክትባታቸው የተሟላ መሆኑ ይረጋገጥ። በቤት የበቀለ ሰላጣም ቢሆን በንጹሕ ውኃ ሳይታጠብ አይበላ።

4ኛ፤ ከማሰሮው ሥር ባለ ሳሕን የተጠራቀመ ውኃ ቢያንስ በየሦስት ቀኑ ይደፋ፤ ሳሕኑም ይፈተግ። በ2013 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ በቤት ዕቃ ውስጥ በቆመ ውኃ ነው። ዝንብን አባርሮ ትንኝን መጋበዝ ንጽሕና አይባልም።

ለመምህሩ የሰጠነው መልስ

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደን መምህሩን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ በእርሳቸውም ፈቃድ በወላጆች ፊት ቀርበን ስለ ወስፋትና ስለ ምድር ትል ልዩነት ተናገርን። አንዲት እናት ተነሥተው «እጃቸውን መታጠባቸውን ማን ይጠብቃል?» ሲሉ ጠየቁ። ከጥያቄው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። መምህሩም ውኃና ሳሙና ከሣጥኑ አጠገብ ሳይቀመጥ ክዳኑ እንደማይከፈት በወላጆች ፊት ቃል ገቡ።

እኛም ለአንባብያን የምንለው ይህንኑ ነው። ሳሙና በሌለበት ቤት አስቀድሞ ሳሙናው ይግባ፤ ትሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሳሙናና ትዕግሥት ያለው ግን ነገ ከጓዳው የሚወጣውን ልጣጭ ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ ይመልከተው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በመስኮቱ ላይ ሊያየው የሚችለው ቅጠል ምግቡ ያ ልጣጭ ነውና።