ጡት ላይ የወጣ እብጠት “ካንሰር አይደለም” ሲባል ምን ማለት ነው?

አዲስ አበባ፦ በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ሁለት ስህተቶች ላይ ልትወድቅ ትችላለች። አንደኛው እብጠት ሁሉ ካንሰር ነው ብላ በመፍራት ከሐኪም መሸሽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተመርምራ “ካንሰር አይደለም” ስትባል ጉዳዩን ጨርሶ መርሳት ነው።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 በሀገሪቱ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በበሽታው እንደተያዙ ገምቷል። ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የሚመጡትም በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ጡት ላይ የሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው፣ ጠንከር ያለና ሲነካ የሚንሸራተት እብጠት ነው። ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች፣ ከወር አበባ ጋር የሚመጣና የሚሄድ መጓጎል፣ በሚያጠቡ እናቶች ላይ የሚከሰት ኢንፌክሽንም ይገኙበታል።

ልዩነቱ የሚታወቀው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ካንሰር ያልሆነ እብጠት የተገኘባቸው 9 ሺህ 87 ሴቶች ለ15 ዓመታት ገደማ ክትትል ተደርጎላቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ከሴቶቹ 67 በመቶ ያህሉ ሴሎቻቸው ያልተባዙ ስለነበሩ፣ በቤተሰባቸው የጡት ካንሰር ከሌለ ተጨማሪ ስጋት አልታየባቸውም። ሴሎቹ በተባዙባቸው ሴቶች ላይ ስጋቱ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ሴሎቹ ከመባዛታቸውም በላይ ቅርጻቸው በተዛባባቸው፣ ማለትም “አቲፒያ” በተገኘባቸው 4 በመቶ ያህል ሴቶች ላይ ግን ስጋቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር።

ይህ ማለት እብጠቱ ራሱ ወደ ካንሰር ይለወጣል ማለት አይደለም። ካንሰሩ በሌላኛው ጡት ላይም ሊነሳ ይችላል። ነገሩ እንደ ማሳ ነው፤ አረሙ የታየው በአንድ ጥግ ቢሆንም መሬቱ በሙሉ ክትትል ይሻል።

በሀገራችን ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙት በቀጭን መርፌ ሴሎችን የመውሰድ ምርመራን ነው። ምርመራው ፈጣንና ርካሽ ነው። ሆኖም የሚያሳየው የተነጠሉ ሴሎችን እንጂ የሥጋውን አደረጃጀት ባለመሆኑ፣ አጠራጣሪ ውጤት ሲመጣ ወፈር ባለ መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

በአያትና አካባቢው ለሚኖሩ፣ ከክልል መጥተው በዘመድ ቤት ለሚያርፉም ሴቶች የመጀመሪያው በር በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። ከፍ ያለ ምርመራ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። ለጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቅርብ ወደሆነው ሜክሲኮ አደባባይ የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመርም ከአያት ይነሳል።

ተመርማሪዋ “ካንሰር አይደለም” የሚለውን መልስ ስትሰማ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባታል፦ “ዓይነቱ ምንድን ነው? መቼ ልመለስ?” የፓቶሎጂ ውጤቱን ወረቀትም እንደ ቤት ካርታ ማስቀመጥ አለባት። ወደ ክልል የምትመለስ ከሆነ ወረቀቱ አብሯት ይሂድ፤ ከዓመታት በኋላ በጎንደርም ሆነ በባሕር ዳር የሚያያት ሐኪም ስጋቷን የሚለካው በእርሱ ነው።

እብጠቱ ካደገ፣ ቆዳው ከተሸበሸበ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ከወጣ ወይም ኢንፌክሽን የተባለው በመድኃኒት ካልዳነ፣ ቀድሞ ነጻ የተባለችም ብትሆን ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ መመለስ ይኖርባታል።