ቲኬት ቆራጯ ባለ ሦስት እግር ለምን ጡረታ ትወጣለች?

በኒውዮርክ ወይም በሳን ፍራንሲስኮ የኖረ ሰው ያችን ነጭና ጠባብ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በሩቁ ያውቃታል። ብቅ ስትል ሰው ቡናውን ጥሎ ወደ መኪናው ይሮጣል። እንደ አገራችን ባጃጅ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ አላት፤ የምትጭነው ግን ተሳፋሪ ሳይሆን ቲኬት የሚቆርጠውን የከተማ ሠራተኛ ነው። ስለ ቲኬቱ ብዙ ተብሏል፤ ይህች ጽሑፍ የምታወራው ስለ ተሽከርካሪዋ ነው። አርጅታ በየሳምንቱ ጋራዥ የምትገባን ተሽከርካሪ ከተማው መቼ ይለውጣት? በምንስ ይለውጣት? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ የግብር ከፋዩ ገንዘብም የሠራተኛው ደኅንነትም አለበት።

መጀመሪያ ለምን ሦስት እግር ሆነች? አንደኛው ምክንያት መጠኗ ነው፤ በቆሙ መኪኖች አጠገብ እየታከከች ትሄዳለች፣ ለራሷም ማቆሚያ አታጣም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ሕግ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ መቀመጫ ኖሮት ከሦስት ያልበለጠ ጎማ ያለውን ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ከሞተር ሳይክል ይመድበዋል። ስለዚህ መኪና የሚጠየቀው ኤርባግና የግጭት ፈተና ይቺን አይመለከታትም። ኩሽማን የተባለው የነብራስካ ኩባንያ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራት ኖሮ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ገበያውን በብዛት የያዘችው ካናዳ ማኒቶባ ውስጥ የምትሠራው ጎ-ፎር ነበረች። ገበያው ጠባብ፣ ሻጩም ጥቂት ሲሆን ዋጋውም መለዋወጫውም በሻጩ እጅ ይሆናል፤ ይህን ኋላ እንመለስበታለን።

ቶሎ የምትበላሸው የሠሪው ጥፋት ብቻ ሆኖ አይደለም። ሥራዋን ይመልከቱት። አሥር ሜትር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤ እንደገና አሥር ሜትር ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ተኖ ሊወጣ አይችልም። በቀን ስንት ጊዜ የሚነሣው ሞተሪኖ ከመጠን በላይ ይሠራል። የፍሬን ሸራው ያልቃል። ሞተሩ ቆሞ ከላይ ያለው ብልጭ ድርግም የሚል መብራትና ሬዲዮው ግን ባትሪውን ይመጡታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ያየ ሰው ገና አዲስ ናት ይላል፤ ሞተሯ ግን ያረጀው በሄደችበት ርቀት ሳይሆን በሠራችበት ሰዓት ነው። ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ገና መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልሞላችም» ተብሎ ትቆያለች፤ መካኒኩ ግን ፊቷን ከልጆቹ ፊት በላይ ለምዶታል።

የሚታየው ወጪ የጋራዡ ሒሳብ ነው። የማይታየው ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት ተሽከርካሪ በዓመት ካሉት 250 የሥራ ቀናት 50ውን ጋራዥ ብትውል አምስተኛው ጊዜ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ ስምንት ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ለማዋል የፈለገ ከተማ አሥር መግዛት፣ ለአሥር ኢንሹራንስ መክፈል፣ ለአሥር ማደሪያ ማዘጋጀት አለበት። ሁለቱ ትርፍ የተገዙት ለብልሽት ነው። ይህ ግን በየትኛውም ሒሳብ ላይ «የብልሽት ዋጋ» ተብሎ አይጻፍም። ላይ ላዩን ሲታይ አሮጌዋን መጠገን ሁልጊዜ ከመግዛት ይረክሳል፤ ምክንያቱም የጥገናው ገንዘብ ከዓመታዊው የሥራ ማስኬጃ፣ የግዢው ገንዘብ ደግሞ ከካፒታል በጀት ይወጣል። የአንዱ ኪስ ሲጎዳ የሌላው አያመውም። ትክክለኛው ስሌት ጥገናውን፣ የባከነውን ቀንና የትርፍ ተሽከርካሪውን ዋጋ ደምሮ አዲሷ በዓመት ከምትጠይቀው ጋር ማወዳደር ነው።

ኒውዮርክን እንውሰድ። እዚያ የትራፊክ ቅጣት ሠራተኞች በፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ሥር ናቸው። ፖሊስ ባለ ሦስት እግሮቹን ስማርት ፎርቱ በተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ መኪና መተካት ጀመረና ነገሩ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የዜና ርዕስ ሆነ። በጊዜው የተዘገበው ዋጋ ለስማርቷ 18 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን ለባለ ሦስት እግሯ ግን 25 ሺህ ገደማ ነበር። አራት ጎማ፣ ኤርባግና አየር ማቀዝቀዣ ያላት መኪና ከሌላት ረከሰች! ምስጢሩ አንዲቷ ለሕዝብ በብዛት የምትመረት፣ ሌላዋ ለጥቂት ከተሞች ብቻ የምትሠራ መሆኗ ነው። በሐምሌ ሙቀት ስምንት ሰዓት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ለሚውል ሠራተኛ ማቀዝቀዣው ቅንጦት አይደለም።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ስማርት በ2017 የቤንዚን መኪናዋን በአሜሪካ መሸጥ አቆመች፤ በ2019 ደግሞ ከገበያው ጨርሳ ወጣች። ከአንድ ሻጭ ጥገኝነት ለመላቀቅ የተገዛችው መኪና ራሷ ሻጭ አጣች። ስለዚህ ግዢ ሲታሰብ ከዋጋው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «ከስምንት ዓመት በኋላ መለዋወጫዋን የሚሸጥልኝ ማን ነው?» የሚለው ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ሠራተኛው ድሮ ከመቀመጫው ሳይወርድ እጁን ዘርግቶ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርግ ነበር፤ ባለ ሦስት እግሯ ግራና ቀኝ ተንሸራታች በር ያላት ለዚህ ትመች ዘንድ ነው። በ2019 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሚሺጋን ሳጊናው ከተማ ጉዳይ ጎማ በጠመኔ መቀባት በሕገ መንግሥቱ ትርጉም «ፍተሻ» ነው አለ። በ2022 ደግሞ በሳን ዲዬጎ ጉዳይ ሌላ ይግባኝ ፍርድ ቤት ቢሆንም የተፈቀደ ነው ብሎ ወሰነ። ፍርድ ቤቶቹ ይከራከሩ እንጂ ብዙ ከተሞች ሰሌዳ ወደሚያነብ ካሜራ እየዞሩ ነው። ካሜራው መኪናዋን ከነቦታዋና ከነሰዓቷ ይመዘግባል፤ ኋላ ሲመለስ እዚያው ካገኛት ያሳውቃል። ጠመኔ ከቀረ በኋላ እጅ መዘርጋት ስለማያስፈልግ ለየት ያለች ተሽከርካሪ መግዛትም ግዴታ አይሆንም፤ ማንኛዋም ትንሽ መኪና ጣሪያዋ ላይ ካሜራ ይተከልላታል።

ለዚህ ሥራ በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ትመጥናለች ብዬ አምናለሁ። በቀን የምትሄደው ጥቂት ነው፤ ማታ እዚያው ማደሪያዋ ትመለሳለች፤ ሞተሪኖም ዘይትም የላትም፤ ፍጥነቷን ስትቀንስ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዛት የፍሬን ሸራዋ ይቆያል። ክረምቱ ከባድ በሆነበት ከተማ ግን ማሞቂያው ባትሪውን ይበላዋል፤ ማደሪያው ውስጥ ኃይል መሙያ ለመትከልም አንዳንዴ የኤሌክትሪክ መስመሩን ራሱን ማሳደግ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ከመኪናው ዋጋ ተለይቶ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አሮጌዎቹስ የት ይሄዳሉ? መብራታቸውና የከተማው ምልክት ተነቅሎ ለጨረታ ይቀርባሉ። ብልኅ የሆነ ጋራዥ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አይሸጥም። አንድ ሁለቱን ጥግ አቁሞ፣ ገና ሥራ ላይ ላሉት ሞተሪኖውንም በሩንም እየነቀለ ይሰጣል።